ለእናትና ለልጅ አንድ ዓይነት የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው፤ ብየዳ ቤት ይሠራል። በሁለቱም ዓይኑ ኬራቶኮነስ አለብህ ተብሏል። የዛሬ ሁለት ዓመት ቀኝ ዓይኑ በአንድ ሌሊት ነጭ ሆነበት፤ ከወራት በኋላ ቢቀልለትም መሐሉ ላይ ጠባሳ ቀርቷል። አንድ ሐኪም «ሙሉ ኮርኒያው መቀየር አለበት» ሲሉን ሌላው «የፊተኛው ክፍል ብቻ ይበቃዋል» አሉን። እናቴ ደግሞ 64 ዓመቷ ነው፤ ዘጌ ነው የምትኖረው። ከአራት ዓመት በፊት ግራ ዓይኗን የሞራ ኦፕራሲዮን ተደርጎላት በደንብ ታይ ነበር። አሁን ዓይኗ ደፍርሷል፣ ጠዋት ጠዋት ይብስባታል፣ ይቆረቁራታል። ለእሷም ንቅለ ተከላ ታዟል። ሳነብ ዲሜክ የሚባለውን አዲሱን ዘዴ ሰውነት የሚቃወመው ከመቶ አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው ይላል። ታዲያ ለሁለቱም እሱን ብናስደርግላቸው ምን አለበት? ከሐኪሞቹስ የተሳሳተው የትኛው ነው?

ምላሽ፦ ከሁለቱ ሐኪሞች የተሳሳተ ያለ አይመስለኝም። ሁለቱም የሰጡት ምክር ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም እርስዎ ራስዎ ከጻፉት ውስጥ ይገኛል፦ «በአንድ ሌሊት ነጭ ሆነበት» ያሉት ላይ። ወደ እሱ እመለሳለሁ። ስለ ዲሜክ ያነበቡት ቁጥርም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለወንድምዎ ዲሜክ ማድረግ ጣራው ለሚያፈስ ቤት ወለሉን እንደ መቀየር ይሆናል። ለእናትዎ ግን ሊሆን ይችላል፤ እሱም ጥቂት ነገሮች አስቀድመው ከታዩ በኋላ ነው።

በዜና ላይ «የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ» ስለሚባል ብዙ ሰው ዓይን እንዳለ ወጥቶ በሌላ ዓይን የሚተካ ይመስለዋል። «የሞተ ሰው ዓይን ይዤ ልኖር ነው?» ብለው ፊቴ ያለቀሱ እናት አሉ። የሚተካው ከዓይን ፊት ለፊት እንደ ሰዓት መስታወት የተቀመጠው ጥርት ያለ ሽፋን ነው፤ ኮርኒያ የምንለው። መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በዚያች ግማሽ ሚሊ ሜትር ውስጥ ድርብርብ ክፍሎች አሉ፤ ለእናንተ ጉዳይ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው። አንደኛው አካሉ ነው። ከውፍረቱ ከአሥር ዘጠኙን እጅ የሚይዘው፣ ቅርጽና ጥንካሬ የሚሰጠው እሱ ነው። ሁለተኛው ከኋላ፣ ወደ ዓይን ውስጥ በኩል፣ በቀጭን ገለፈት ላይ እንደ ንጣፍ ድንጋይ የተደረደረው አንድ ረድፍ ሴል ነው። ሥራው ውኃ ማውጣት ነው። ጀልባ ውስጥ የሚገባውን ውኃ ሳያርፍ እየጨለፈ የሚደፋ ሰው ያስቡ፤ ሰውየው ከደከመ ጀልባው ይሞላል። እነዚህ ሴሎች በአዋቂ ሰው ዓይን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 2,500 ያህል ይሆናሉ፤ ከሞቱ ግን በቦታቸው ሌላ አይወለድም። ቁጥራቸው ወደ 500 አካባቢ ሲወርድ ኮርኒያው ውኃ እየቋጠረ ያብጣል፣ ይደፈርሳል።

የወንድምዎ ሕመም፣ ኬራቶኮነስ፣ አካሉ ላይ ነው። ኮርኒያው ሳስቶ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ወጥቷል፤ የኋለኛው ረድፍ ግን በዚህ ዕድሜው ጤነኛ ሊሆን ይገባል። የእናትዎ ተቃራኒው ነው። ከሞራ ኦፕራሲዮን በኋላ የመጣ፣ ጠዋት የሚብስ ድፍረሳ የኋለኛው ረድፍ መድከሙን ይጠቁማል። ሌሊት ዓይን ተከድኖ ሲያድር ከኮርኒያው ላይ የሚተን ውኃ ስለማይኖር እብጠቱ ይጨምራል፤ ቀን ዓይናቸው ተገልጦ ሲውል ይቀልላቸዋል። የሚቆረቁራቸውም ውኃው ወደ ላይኛው ገጽ ወጥቶ ትንንሽ ፊኛ እየሠራ ሲፈነዳ ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሕመም አለ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ።

ንቅለ ተከላው መቶ ዓመት ያህል አንድ ዋና መንገድ ብቻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1905 ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለችው ኦሎሙትስ ከተማ፣ ዓይኖቹን ኖራ ላቃጠለው የቀን ሠራተኛ የመጀመሪያውን የተሳካ የሰው ኮርኒያ ተከለ። ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ውፍረት ቆርጦ ሙሉውን መተካት ልማድ ሆነ፤ ይህ ፒኬ ይባላል። ሌሎቹ ሦስት ዘዴዎች፣ ዳልክ፣ ዲሴክና ዲሜክ፣ የመጡት የታመመውን ክፍል ብቻ ለመተካት ነው። ዳልክ የፊተኛውን አካል አንሥቶ የሰውየውን የራሱን የኋላ ረድፍ ይተዋል። ዲሴክና ዲሜክ ደግሞ ፊቱን ሳይነኩ የኋላውን ብቻ ይለውጣሉ።

አሁን ወደ ወንድምዎ።

ፒኬ ሲሠራ ክብ ምላጭ ኮርኒያው ላይ ይሽከረከርና ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ክብ ይነሣል። የለጋሹ ኮርኒያ ቦታው ገብቶ የመጀመሪያዎቹ ስፌቶች እስኪያዙት ድረስ ዓይኑ ክዳኑ እንደተነሣ ድስት ክፍት ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ግፊት ድንገት ቢጨምር ከኋላ ደም ሊፈስና ዓይን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ብርቅ ነው፤ ያየ ሐኪም ግን አይረሳውም። ከዚያ ስፌቱ ይቀጥላል፤ ብዙ ጊዜ 16 ስፌት፣ ከፀጉር በቀጠነ የናይለን ክር። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ስለሆነች ይህን ለማስረዳት አልቸገርም፦ ስፌቶቹ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ከመሐል ወደ ዳር ተወጥረው ይቆማሉ። አንዱ ሽቦ ከሌላው ከጠበቀ ጎማው እንደሚወላገድ ሁሉ አንዱ ስፌት ከጠበቀ ኮርኒያው ይወላገዳል፤ ምስሉም ይጣመማል። በየቀጠሮው አንዳንዱን እየለቀምን እናስተካክላለን። ስፌቶቹ በሙሉ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ የመጨረሻው መነጽር የሚታዘዘውም ከዚያ በኋላ ነው።

ዳልክም ይህ ሁሉ አለበት። ስፌቱ ያው፣ መወላገዱ ያው፣ ጥበቃው ያው። ይህን የምለው ብዙ ሰው «አዲሱ ዘዴ» ሲባል ጥራት ያለው እይታ በቶሎ የሚገኝ ስለሚመስለው ነው። ዳልክና ፒኬ ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ፣ የታመመው አካል እስከ ገለፈቱ ድረስ በደንብ ከተነሣ፣ በመነጽር የሚገኘው እይታ ተመሳሳይ ነው። ከገለፈቱ በላይ የታመመ አካል ከተረፈ ደግሞ ዳልክ ትንሽ ይደበዝዛል። የዳልክ ብልጫ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ፒኬ ላይ የምንፈራው ሰውነት የለጋሹን የኋላ ረድፍ እንዳይቃወም ነው፤ ያ ረድፍ ካለቀ ኮርኒያው ያብጣል፣ ይጠፋል። ዳልክ ላይ የኋላው ረድፍ የወንድምዎ የራሱ ስለሆነ ሰውነቱ የሚቃወመው ባዕድ ረድፍ የለም። የፊተኛው ክፍል ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ግን በጠብታ የሚመለስ ነው። ሁለተኛው ዕድሜው ነው። በአሜሪካ 1,090 ሰዎች ፒኬ ከተሠራላቸው በኋላ ለ10 ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር። ለጋሹ ከ65 ዓመት ያልበለጠ ሲሆን 77 በመቶው፣ ከዚያ በላይ ሲሆን 71 በመቶው እስከ 10 ዓመት ቆይቷል። እነዚያ አብዛኞቹ እንደ እናትዎ ያለ የኋላ ሕመም የነበራቸው ናቸው፤ ኬራቶኮነስ ላይ ውጤቱ ከዚህ በጣም ይሻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ቁጥር ነው፦ ሳይጠፉ በቆዩት ኮርኒያዎች ላይ እንኳ ከሴሎቹ ሦስት አራተኛው እጅ፣ ማለትም ከአራቱ ሦስቱ፣ በ10 ዓመት ውስጥ አልቀዋል። ለ70 ዓመት አዛውንት ይህ ይበቃ ይሆናል። ወንድምዎ ግን 22 ዓመቱ ነው፤ ገና 50 ዓመት ማየት አለበት። አንድ ፒኬ ዕድሜውን ሙሉ ላያደርሰው ይችላል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳሉ።

ሦስተኛው ሥራው ነው። ፒኬ የተሠራለት ዓይን ዙሪያውን ያለው ጠባሳ የተፈጥሮውን ጥንካሬ መቼም አያገኝም። ከዓመታት በኋላ እንኳ ክርን ወይም ኳስ ቢመታው በስፌቱ መስመር ሊፈነዳ ይችላል። ዳልክ ላይ የኋለኛው ገለፈት ስላልተቆረጠ ዓይኑ የተሻለ ይይዛል፤ «አይፈነዳም» ማለቴ ግን አይደለም። ወንድምዎ ብረት የሚቆርጥ፣ መዶሻ የሚያነሣ ልጅ ነው። የትኛውም ቢሠራለት ጠንካራ መከላከያ መነጽር ሳያደርግ እሳት አጠገብ አይቁም፤ የብየዳ ጥቁር መነጽርን ብቻ አላልኩም፣ ፍንጣሪ የሚያስቆም ማለቴ ነው።

ታዲያ ዳልክ ይህን ያህል ከተሻለ ለምን አንዱ ሐኪም ፒኬ አሉ? እዚህ ላይ ነው «በአንድ ሌሊት ነጭ ሆነበት» ያሉት የሚመጣው። ኬራቶኮነስ ሲበረታ የኋለኛው ገለፈት ተለጥጦ ይሰነጠቃል፤ ከዓይን ውስጥ ያለው ውኃ በስንጥቁ ይገባና ኮርኒያው በሰዓታት ውስጥ ያብጣል። ሃይድሮፕስ እንለዋለን። በወራት ውስጥ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ጠባሳ ይቀራል፤ የወንድምዎ ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። ዳልክ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጻፈው «ትልቅ አረፋ» የሚባለው፣ በመርፌ አየር እየነፉ አካሉን ከገለፈቱ መለየት ነው። አየሩ ሲገባ ከመሐል ነጭ ክብ ድንገት ቦግ ብሎ ይከፈታል፤ ገለፈቱ ከአካሉ ተላቀቀ ማለት ነው። ገለፈቱ ከዚህ በፊት ከተሰነጠቀ ግን አየሩ በአሮጌው ስንጥቅ ይወጣል፤ አረፋው አይሠራም ወይም ገለፈቱን ይቀደዋል። ስለዚህ አንደኛው ሐኪም ስንጥቁን አስበው «ሙሉው ይቀየር» አሉ፤ ሁለተኛው ደግሞ አየር ሳይነፉ በእጅ ንብርብር በንብርብር እየገፈፉ ስንጥቁ ላይ ጥቂት ትተው መውጣት እንደሚቻል አስበው ይሆናል። ሁለቱም መንገድ ይሠራበታል።

የሚወስነው የቀዶ ሐኪሙ እጅ ነው፤ ይህን ዝም ብዬ አላልኩም። በአውስትራሊያ የአገሪቱ ንቅለ ተከላ በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ትንተናቸው 13,920 ፒኬ፣ 858 ዳልክ እና 2,287 የኋላ ንቅለ ተከላ አነጻጽሯል። ሁላችንንም ያስደነገጠን ውጤት ነበር፦ ኬራቶኮነስ ላይ ከዳልክ ይልቅ ፒኬው በተሻለ ቆይቷል፤ የኋላ ንቅለ ተከላውም ከፒኬ አንሶ ተገኝቷል። ከታወቁ ማዕከሎች ከሚወጣው ጽሑፍ ጋር አይገጥምም። ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ የሚጠቁመውም እዚያው ውስጥ አለ፤ ከመቶ በላይ የኋላ ንቅለ ተከላ የሠሩት ሐኪሞች ውጤት ጥቂት ከሠሩት በግልጽ ይበልጣል። ወረቀት ላይ የሚሻለው ዘዴ ባልለመደ እጅ ላይ የከፋ ሊሆን ይችላል። በሥልጠና ላይ ሳለሁ የሞከርኩት አንድ ዳልክ ላይ ገለፈቱን ቀድጄ፣ በአንድ ሰዓት ያልቅ የነበረውን ሥራ በሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ፒኬ ቀይሬ ጨርሻለሁ። ታካሚው በመጨረሻ አየ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዳልክ እንሠራለን» ለተባለ ታካሚ ሁሉ «ካልሆነ ወደ ፒኬ እንዞራለን» ብዬ አስቀድሜ ሳልነግር አልገባም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፦ ቀኝ ዓይኑ ላይ በእጅ የሚገፈፍ ዳልክ ቢሞከርለት እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ሐኪሙ ዳልክን አዘውትሮ የሚሠራ ከሆነ፣ ለፒኬም የሚሆን ሙሉ ጥራት ያለው ኮርኒያ ጠረጴዛው ላይ ከቀረበ ነው። ሐኪሙ «እኔ በብዛት የምሠራውና የማምነው ፒኬ ነው» ካሉ ፒኬውን ያሠሩ። እውነቱን የሚነግር ሐኪም አግኝተዋል ማለት ነው።

ስለ ቀኙ ይህን ያህል ካልኩ፣ ስለ ግራው አለመጠየቅዎ ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ግራው ገና ጥርት ያለ ከሆነ ንቅለ ተከላ አያስፈልገው ይሆናል። ክሮስሊንኪንግ የሚባል ሕክምና አለ፤ የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ ይደረግና ኮርኒያው ላይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራል፤ አካሉ ይጠነክራል፣ መሳሳቱ ይቆማል። እይታውን አያሻሽልም፤ ያለውን ያስቆማል። ነገር ግን የኮርኒያው ውፍረት ከ400 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች ሳይወርድ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በታች ከሳሳ በተለመደው መንገድ መሥራት አደጋ አለው። ሌላው፦ ዓይኑን ያሻል? ኬራቶኮነስ ካላቸው ወጣቶቻችን ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ በዓይን አለርጂ የሚያሳክካቸው ናቸው። በጣት መገጣጠሚያ ዓይንን ማሸት ኮርኒያውን ያሳሳል። ማሳከኩ በመድኃኒት መያዝ አለበት፤ ያለዚያ የተተከለውም ኮርኒያ አይተርፍም። ጠዋት ሲነሣ ምን እንደሚያደርግ እርስዎ አጠገቡ ሆነው ይዩት። ራሱን ቢጠይቁት «አላሽም» ይልዎታል።

እናትዎ።

እዚህ ላይ ዲሜክ በእርግጥ ይመጣል። ያነበቡት ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2012 ከአንድ የአሜሪካ ማዕከል የወጣ ነው፦ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነት የመቃወም ዕድሉ ዲሜክ ላይ 1 በመቶ፣ ዲሴክ ላይ 12 በመቶ፣ ፒኬ ላይ 18 በመቶ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚገባው ባዕድ ነገር አነስተኛ ነው። ዲሴክ ከሴሎቹ ጋር ከለጋሹ አካል 100 ማይክሮን ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ስስ ቁራጭ ይዞ ይገባል። ዲሜክ ግን ገለፈቱንና ሴሉን ብቻ ነው፤ 15 ማይክሮን ያህል። እይታውም ይሻላል፦ እ.ኤ.አ. በ2019 በዕጣ ተመድበው የተነጻጸሩ ታካሚዎች ላይ፣ እጅግ ከሳሳው ዲሴክ ጋር እንኳ ተወዳድሮ፣ ዲሜክ የተሠራላቸው በ3፣ በ6 እና በ12 ወር የተሻለ አይተዋል። ፒኬ ላይ ዓመት የሚጠበቀው እይታ ዲሜክ ላይ በሳምንታት ይመጣል። ስፌትም የለውም ማለት ይቻላል።

ክፍያው የት ላይ ነው? ያ ገለፈት ከለጋሹ እንደተላጠ ራሱን ይጠቀልላል። በዘጌ ገዳማት ብራና አይተው ይሆናል፤ እርጥብ ቆዳ ሳይወጠር ሲደርቅ እንዴት እንደሚጠቀለል። ዲሜክም እንዲሁ ነው፤ ቀለም ባይነካ ጨርሶ አይታይም። ሰማያዊ ቀለም አስነክተን፣ በቀጭን ቱቦ ዓይን ውስጥ አስገብተን፣ ሳንነካው ከውጭ ኮርኒያውን በመታ መታ እያደረግን እንዘረጋዋለን። ተገልብጦ ከተዘረጋ ሴሎቹ በተሳሳተ በኩል ሆነው አይሠሩም። የተዘረጋውን የሚይዘው ክር ሳይሆን ከበታቹ የምንነፋው አየር ወይም ጋዝ ነው። አረፋው ወደ ላይ ስለሚገፋ እናትዎ በጀርባቸው፣ ፊታቸው ወደ ጣራ ሆኖ፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን አንድና ሁለት ቀን አብዛኛውን ሰዓት መተኛት አለባቸው። ያም ሆኖ ከአራት አንዱ ያህል ላይ የገለፈቱ ጠርዝ ተላቅቆ እንደገና አየር መንፋት ያስፈልጋል። ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ቢሠራ፣ ይህ ለከተማው ነዋሪ ታክሲ ይዞ መመለስ ነው። ዘጌ ገብተው ለተኙ እናት ግን ጀልባ፣ ከዚያ መኪና ወይም አይሮፕላን ነው።

አረፋው ዓይን ውስጥ እያለ ደግሞ ጉዞ አይፈቀድም። ከፍታ ሲጨምር ጋዝ ይሰፋል፤ የዓይን ግፊት ወጥቶ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ለታካሚ የሚነገረው ብዙ ጊዜ «አይሮፕላን እንዳትሳፈር» ነው። ለእኛ አገር ግን በቂ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደዚህ የሚመጣው መንገድ ገና ከከተማው ሲወጣ በእንጦጦ በኩል ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ እንደገና ይወጣል። ስለዚህ ሐኪማቸው «አረፋው ጠፍቷል» እስኪሉ ድረስ፣ አየር ከሆነ ጥቂት ቀናት፣ ጋዝ ከሆነ እስከ ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ የሚያርፉበት ዘመድ ቤት እዚያው ይዘጋጅላቸው።

ከዲሜክና ከዲሴክ የትኛው ለሚለው መልሱ ያለው ከአራት ዓመት በፊት በተሠራላቸው ኦፕራሲዮን ወረቀት ላይ ነው። ሰው ሠራሹ ሌንስ የት ተቀመጠ? በተፈጥሮ ከረጢቱ ውስጥ፣ ከብሌኑ ኋላ ከሆነ ዲሜክ ይሆናል። ሌንሱ ከፊት፣ በኮርኒያውና በብሌኑ መሐል ከሆነ ግን ታሪኩ ይለወጣል። ምናልባትም ሴሎቹን የጨረሰው ያ ሌንስ ራሱ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ያን ጥቅልል መዘርጋት ይከብዳል፤ አየሩም ሊያመልጥ ይችላል። እንዲህ ባለ ዓይን ላይ ጠንከር የሚለው ዲሴክ ይሻላል፤ ሌንሱ መውጣትም ይኖርበት ይሆናል። ደግሞ እብጠቱ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ አካሉ ራሱ ጠባሳ ከሆነ የኋላውን ብቻ መተካት ጥርት አያደርገውም፤ ያኔ ፒኬ ነው። በዚህ ምክንያት እናትዎ ከወንድምዎ በፊት ተራ ቢያገኙ ደስ ይለኛል። የእሱ ጠባሳ ባለበት ይቆያል፤ የእሳቸው እብጠት ግን በቆየ ቁጥር ቀላሉን ቀዶ ሕክምና ይዘጋባቸዋል።

የዓይን ቆባቸውም ይገልበጥና ይታይ። እዚህ ሐይቁ ዙሪያ ባደጉ እናቶች ላይ ትራኮማ ምን እንዳደረገ እናውቃለን። ፀጉሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ኮርኒያውን የሚቧጭር ከሆነ፣ ወይም እንባቸው ደርቆ ከሆነ፣ አስቀድሞ ቆባቸው መስተካከል አለበት። የሚቧጨር ዓይን ላይ የተተከለ ኮርኒያ፣ በዓለም ላይ ባለው ምርጥ ዘዴ ቢተከል፣ አይቆይም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ነገር ከዘዴው እኩል ይወስናል። ሰውነት እንዳይቃወም የሚደረገው የስቴሮይድ ጠብታ ለወራት፣ ፒኬ ከሆነ ከዓመት በላይ ይቀጥላል። ጠብታው ራሱ በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ስለሚያስነሣ ግፊቱ በየጊዜው ይለካ፤ «ደህና ነኝ» ብሎ ያለ ሐኪም ማቆምም፣ ያለ ሐኪም መቀጠልም ሁለቱም ዓይን አጥፍተዋል። ዓይኑ ከቀላ፣ ብርሃን ከፈራ፣ እይታው ከደበዘዘ፣ ካመመ፣ ከአራቱ አንዱ ብቻ እንኳ ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም መምጣት ነው። ቀጠሮ መጠበቅ የለም፣ እሁድ ነው ማለት የለም። ሰውነት መቃወም ሲጀምር በቶሎ ከተያዘ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ሳምንት ካለፈ ግን ሴሎቹ ያልቃሉ።

ጸበልን በሚመለከት በግልጽ ልናገር፣ ሰው ሁሉ እየፈራ ስለማይጠይቀኝ። ይጠጡ፣ ሰውነታቸውን ይጠመቁ፤ ዓይናቸው ውስጥ ግን ሐኪማቸው እስኪፈቅዱ ድረስ አይግባ። የሐይቅ ውኃም እንዲሁ። የላላ ስፌት ጀርም የሚገባበት በር ነው። በጾም ሰዓት ጠብታ ስለማድረግ የሚጨነቁ ከሆነም የንስሐ አባታቸውን አስቀድመው ያነጋግሩ፤ እኔ የማውቃቸው ካህናት ለታካሚ ጠብታ ከልክለው አያውቁም።

ኮርኒያው ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም ነው፤ ዛሬ ሥራው በኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ሥር ነው። እንደ ደም ዓይነት ማመሳሰል በተለምዶ አያስፈልግም። የሚያስቸግረው ብዛቱ ነው፤ በዓለም ዙሪያ የተደረገ ጥናት ለ70 ፈላጊ የሚደርሰው አንድ ኮርኒያ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ ላይ ዳልክ ሌላም ጥቅም አለው፦ የኋላ ሴሉ የተዳከመ፣ ለፒኬ የማይሆን ኮርኒያ ለዳልክ ያገለግላል። እንዲያውም በጀርመን አንዱን ኮርኒያ ለሁለት ከፍለው ፊቱን ኬራቶኮነስ ላለበት፣ ኋላውን እንደ እናትዎ ላለ ታካሚ የሰጡ አሉ። ከአንድ ለጋሽ አንድ ኮርኒያ እናትና ልጅን ሊያበራ ይችላል ማለት ነው። ለእናንተ እንዲህ ይገጥማል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ ተራችሁም ለየብቻ ነው።

በዚህ ሳምንት የወንድምዎን ግራ ዓይን የኮርኒያ ካርታ በሚያነሣ መሣሪያ ያስነሡ፤ ከስድስት ወር በፊት የተነሣ ካለም አብረው ይያዙት፣ እየሳሳ መሆኑን የምናውቀው ሁለቱን አስተያይተን ነው። የእናትዎን የኦፕራሲዮን ወረቀት ደግሞ ዘጌ ሳጥናቸው ውስጥ ያስፈልጉ። ወረቀቱ ከጠፋ አይጨነቁ፤ ሌንሱ ያለበትን ቦታ ማንኛውም የዓይን ሐኪም በመመርመሪያ ማይክሮስኮፑ አይቶ ሊነግርዎት ይችላል። «ከፊት ነው ከኋላ?» ብለው ብቻ ይጠይቁልኝ፣ መልሱን ይዘው ይጻፉልኝ።